የጎርፍ ዘበኛው ልጅ

ጉሙ ከቲሳ ወንዝ ላይ ገና ሳይገፈፍ፣
ባልዲዬን በረዶ ሞልቼ ከቄራው ደጃፍ
ቆሜ እጠብቃለሁ። ዜቴኝ ይወጣል፤
እስከ ክርኑ ርሷል፤ «ስንት ልስጥሽ?» ይላል።
ስድስት የአሳማ አንጎል፣ ገና ያልቀዘቀዘ፣
እጥፋት በእጥፋት ላይ እየተያያዘ።
ምን እንደምሠራበት ጠይቆኝ አያውቅም፤
የሚጠይቀኝ ሌላ ነው፣ እሱም አይለቅም።

አባቴ ጋሽፓር፣ የጎርፍ ግድብ ዘበኛ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንዙ ሲሞላ ያልተኛ፣
ዛሬ ሪህ አውራ ጣቱን እንደ ቲማቲም ነፍቶት፣
ከወንበሩ ይጠይቃል፣ እግሩን ትራስ ደግፎት፦
«ያ ቱቦሽ ዛሬስ ቆመ? ወይስ ደግሞ ፈረሰ?»
«ሁለቱንም» አልኩት። በረዥሙ ተነፈሰ።
«በእኔ ጊዜ የፈረሰ ግድብ ደሞዝ ያስቆርጥ ነበር።»

ላቦራቶሪ ውስጥ አንጎሉ ተፈጭቶ፣
አንዴ ብርድ አንዴ ሙቀት ደጋግሞ አይቶ፣
ቱቡሊኑ ብቻ ቀረ፣ ሌላው ተለይቶ።
ጥንድ ጥንድ ነው፣ እንደ ባቄላ ክክ የተጣበቀ፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት እየጠበቀ።
ሲሞቅ አንዱ ባንዱ ራስ፣ ዐሥራ ሦስት ረድፍ ጎን ለጎን፣
ውስጠ ባዶ ምሰሶ፣ ዓይን የማያየው ቀጭን።

ጫፉ ላይ ቆብ አለው፣ ኃይል ያዘለ፣ ያልተነካ፤
ቆቡ እስካለ ይረዝማል፣ ዳር ድንበር ሳይለካ።
ቆቡ ሲሳሳ ግን፣ ዓይኔ እያየ ተላጠ፣
እንደ ሙዝ ልጣጭ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣
ደቂቃዎች የፈጁት ግንብ በሰከንዶች ተሟጠጠ።

ብቻውን አይደለም ግን። ዙሪያው ሰዎች አሉ፤
(ለአባቴ ሳወራ ፕሮቲኖች «ሰው» ይባላሉ።)
አንዱ ጫፉን ይጋልባል፣ ባደገ ቁጥር አብሮ፣
እድገቱ ያቆመ ለታ ይበተናል በርሮ።
አንዱ ሊናድ የጀመረውን መሀል መንገድ ያድናል፤
ሌላው ደህናውን ጫፍ ጠምዝዞ ልጦ ይንዳል።
የእኔ ስታትሚን ነው። ስሙን አባቴ ወዶታል፤
«የሆነ የወታደር ስም ይመስላል» ብሎታል።
ረዥም ቀጭን ክንድ ነው፤ ሁለት ጥንድ ያቅፋል፤
የታቀፈው ጥንድ ከግንቡ ሥራ ይጎድላል፤
ጡብ በኪስ ይዞ እንደ መሰወር።
ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል ግን ትእዛዝ ይደርሳል፤
ፎስፌት ክንዱ ላይ ያርፋል፤ ያኔ እቅፉ ይላላል።

ይህን ስጨርስ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ገባኝ» አለ። «በዚያ በጎርፉ ዓመት፣ በዚያ ሌሊት፣
አሸዋ የሞላ ጆንያ ነበረን፣ ስንት ሺህ፣ ስንት።
አለቃው ሁሉንም ደርድሩ አለ። እኔ ሁለት መቶ
ከጎተራ ኋላ ደበቅሁ። ‹ሌባ› አለኝ ሰው ተቆጥቶ።
ሊነጋጋ ሲል ግድቡ ከታች በኩል ተሰነጠቀ፤
ያ ጆንያ ባይኖር...» አለና ዓይኑን ከእኔ አራቀ።
«የቀረውን ታውቂዋለሽ።»
አላውቅም ነበር።
ሠላሳ አራት ዓመት ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ ቀርቤ፣
ያን ሌሊት ሰምቼው አላውቅም።

ኪኒኑን አነሣ፤ ከሜዳ አበባ የመጣ፣
በመስከረም ሣር መሀል ሐምራዊ ሆኖ ከሚወጣ።
እሱም ቱቡሊን ይይዛል፤ በጥንዱ መሀል ገብቶ
ቀጥ ብሎ እንዳይደረደር ይተወዋል አጉብጦ።
ወደ አውራ ጣቱ የሚጣደፉ ነጫጭ ሕዋሳት
ግስጋሴያቸው ይዝላል፤ ጣቱ ቀስ ብሎ ይበርዳል።
«ከልኩ ካለፈ ይገድላል» ብሎታል ሐኪሙ፤
ስለዚህ ግማሿን ሰብሮ፣ በጥፍሩ ለክቶ ዋጣት።

ማግስቱን ስገባ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ሽታው ሳይለቀኝ፣
ቆመ ወይ ፈረሰ አላለም። ቀና ብሎ አየኝ፦
«ዛሬስ» አለ፣ «ማን ደበቀ?»